ዳኛ ያልፈታው ቋጠሮ

ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት የሚሸተው ቀለሙን እንጂ ብረቱን አይደለም። ባለፈው ኅዳር ደባርቅ ላይ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለተማሪዎች ጉብኝት ባሰናዳት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሜ ያናደደኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ከተንጠለጠለበት ገመድ ወዲያ፣ በሁለት ጫፉ የእጅ ቀለበት ያለው ሰንሰለት ተዘርግቷል። አጠገቡ ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የባሪያ ሰንሰለት። የሰጪው ስም ያልታወቀ።»

ሁለቱም ሐሰት ነው። በዕድሜዬ ብዙ ሐሰት አንብቤአለሁ፤ ይህችን በምታህል ወረቀት ላይ ሁለት ሐሰት ተጣብቆ ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ካተረፍሁት ቁም ነገር አንዱ፣ ያላወቁትን ነገር «አላወቅነውም» ብሎ መጻፍ እንደማያሳፍር መረዳቴ ነው። እዚህ የተደረገው የዚህ ግልባጭ ነበር። ያልታወቀውን ዕቃ እንደታወቀ ጻፉት፤ የታወቀችውን ባለቤት ያልታወቀች አደረጓት።

ሰንሰለቱን ያወቅሁት ከመካከሉ አንዱ ቀለበት በናስ ሽቦ የተጠገነ በመሆኑ ነው። ቀለሙ ናሱን ሸፍኖታል፤ ጥምዝምዙን ግን ሊሸፍነው አልቻለም። አፍንጫዬን አስጠግቼ ሞራ ፈለግሁ። ባለቤቱ እሜቴ አስካለ ብረት እንዳይዝግ የጠቦት ሞራ ይቀቡት ነበርና፣ ያ የከረመ ሞራና የዝገት ሽታ ለእኔ የአንድ ዓመት ሙሉ ሽታ ነው። አልነበረም።

ዳባት ላይ አራተኛ ክፍል የነበርሁበት ዓመት ነው። እሜቴ አስካለ ከትምህርት ቤታችን አጥር ጋር በሚዋሰን የድንጋይ ቤት የሚኖሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ከማንሣት ይልቅ ዝቅ የሚያደርጉ ባልቴት ነበሩ። አባታቸው በቀድሞው ዘመን የአገር ዳኛ ነበሩ። የአራተኛ ክፍል መምህራችን መምህር ገሠሠ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ስለ ድሮው እንዲያጫውቱን ለመኗቸው። እሳቸውም ተረት ለማውራት እንዳልተፈጠሩ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ግን ዕቃ ይዘው እንደሚመጡ መለሱላቸው። ይዘውም መጡ። በጠፍር የተለበጠውን የአባታቸውን ሣጥን ከቤታቸው ተሸክመው የሚያመጡት ጎረምሶቹ ተማሪዎች ነበሩ። ኋላ መመላለሱ ሲያስቸግር ሣጥኑ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ማደር ጀመረ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህ ነው።

የእሜቴ አስተማማር አንድ ሕግ ነበረው፤ ዕቃው በሁላችንም እጅ ሳያልፍ ምንነቱን መጠየቅ አይፈቀድም። ዓይናችንን ጨፍነን እንዳብሰዋለን፣ እናሸተዋለን፣ እንመዝነዋለን። ከዚያ እያንዳንዱ ግምቱን ይናገራል፤ እሳቸውም ፊታቸውን ሳይፈቱ ያዳምጣሉ። የተሳሳተ አይገሠጽም። ሳይነካ የገመተ ግን ወዮለት።

ግምታችን ጉድ ነበር። ከብር የተሠራችውንና በማተብ ላይ የምትንጠለጠለውን የኩክ ማውጫ፣ ለንብ ማር ማጉረሻ ናት ብዬ ተከራክሬአለሁ። አጭር እግርና ጎድጓዳ አናት ያለውን የእንጨት ትራስ፣ አያሌው የሚባለው ጎረቤቴ ገልብጦ ራሱ ላይ ደፍቶ የንጉሥ ዘውድ ነው አለ። እሜቴ ዘውዱን አውልቀው ወለሉ ላይ አስተኙትና አንገቱ ሥር ሸጎጡለት። ሹሩባ የተሠራ ሰው ጠጉሩ እንዳይበላሽበት እንዲህ ይተኛ እንደነበር፣ ጎበዝ ከሆነም ሳይገላበጥ እንደሚያነጋ ነገሩን። አያሌው ጥቂት እንደቆየ፣ «እሜቴ፣ እኔስ መላጣ ብሆን ይሻለኛል» አለ። የእሜቴ ከንፈር ጫፍ ሲንቀሳቀስ ያየነው ያን ቀን ነው።

አሞሌ ጨው ባመጡ ዕለት ተራ በተራ አስላሱን። ይህ ድንጋይ የመሰለ ነገር በአንድ ዘመን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት እንደነበረ ሲነግሩን፣ እኔ በልቤ አንድ ትልቅ ምሥጢር ገለጥሁ። በአገራችን ሀብታም የሌለው ለካ ክረምት ሲመጣ ሀብቱ ሁሉ ስለሚሟሟ ነው። ይህን ለአባቴ ባስረዳኋቸው ጊዜ፣ ነገሩ ከዚህ የራቀ እንዳልሆነ ተናገሩ።

ሰንሰለቱ የወጣው መኸር ገብቶ ውርጩ በበረታ ሰሞን ነው። ያን ዕለት እጁን የዘረጋ አልነበረም። አያሌው የጅብ ማሰሪያ ነው አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ደግሞ እናቱ የቤተ እስራኤል አንጥረኛ የሠራውን ብረት እንዳይነካ እንደከለከለችው፣ ቡዳ እንደሚበላው ተናገረ። እሜቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አባትህ የሚያርስበትን ማረሻ ማን የቀጠቀጠው መሰለህ? በእሱ የታረሰውን እህል ስትበላ አልፈራህም። ይህን የሠራው ይርጋ ይባላል። በናስ የጠገነውም እሱ ነው። ብረቱን ስትይዝ ስሙን ጥራ።»

እየተቀባበልን፣ «ይርጋ፣ ይርጋ» እያልን ነካነው። ይርጋ ይኖርበት የነበረው መንደር ዛሬ ባዶ ነው፤ የልጅ ልጆቹ እስራኤል አገር ናቸው። ስሙን ከእኛ ከዚያ ዘመን ሕፃናት በቀር የሚጠራው የለም፤ በጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ደግሞ አንጥረኛ እንደነበረውም አያውቅም።

ሰንሰለቱ ቁራኛ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ «በዓይነ ቁራኛ» ይላል፤ ቁራኛው ራሱ ምን እንደነበር የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። በቀድሞው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ፣ ፍርድም እስኪሰጥ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ይተሳሰሩ ነበር። አንዱ ቀለበት በአንዱ እጅ፣ ሁለተኛው በሌላው። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ።

እሜቴ ይህን በቃል አላስረዱንም። በዚያ ሳምንት ብዕሬን ሰረቀኝ ብዬ አያሌውን ከስሼው ነበርና፣ ወሬው ደርሷቸው ሁለታችንንም ጠሩን። አንዱን ቀለበት በእሱ ግራ እጅ፣ ሁለተኛውን በእኔ ቀኝ እጅ አጠለቁት። እኔ አለቀስሁ።

«ሌባው እሱ ነው፤ እኔን ለምን ያስሩኛል?»

«አንተ ነህ የከሰስኸው» አሉኝ። «ዳኛ እስኪፈርድ እሱ የሄደበት ትሄዳለህ። እውነትህን ከሆነ አይከብድህም።»

እንዴት እንደከበደኝ! አያሌው ነገሩ ገብቶታል። ባሕር ዛፉ ሥር ሽንቱን ሊሸና ሄደ፤ ሄድሁ። ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ገባሁ። አጥር ላይ ለመውጣት ሲሞክር፣ «ና እንጂ ከሳሼ፣ ትቀራለህ እንዴ?» ይለኛል። በቀኝ እጄ መጻፍ ስላልቻልሁ እኔ ቃሉን እየነገርሁት እሱ በቀኙ የሁለታችንን ጽሕፈት ጻፈ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ክሴን ማንሣቴን ለእሜቴ አስታወቅሁ። አያሌው ብዕሬን ይውሰድ አይውሰድ ዛሬም አላውቅም። በቂ ማስረጃ ሳልይዝ ሰው ላለመክሰስ የተማርሁት ግን ከዚያ ቀለበት ነው፤ የሕግ መምህራን ኋላ በብዙ ገጽ የደገሙልኝን ነገር የእጄ አንጓ አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

እንግዲህ ይህን ነው «የባሪያ ሰንሰለት» ያሉት። ባርነት በዚህ ምድር አልነበረም አልልም፤ ነበረ፣ ኀፍረቱም የራሳችን ነው። ነገር ግን ከሳሽን ከተከሳሽ እኩል የሚያስር ሥርዓትን በዚያ ስም መጥራት፣ ያንንም ኀፍረት ይህንንም ሥርዓት አለማወቅ ነው።

ብረት በሌለበት ደግሞ ልብስ ይበቃ ነበር። ከሳሹ «በሕግ አምላክ» ብሎ ሰውዬውን ያቆመዋል። የነጠላውን ጫፍ ከሰውዬው ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጥርና ወደ ዳኛ ያመራሉ። ከቋጠሮው ያመለጠ ወይም ቋጠሮውን የፈታ ተረታ። የሚፈታው ዳኛ ብቻ ነው፤ እሱም ከፈረደ በኋላ። ይህን የተማርን ሰሞን ትምህርት ቤቱ ታመሰ። በየደጃፉ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቋጠሩ ልጆች ዳኛ ይፈልጋሉ፤ መምህር ገሠሠ ችሎት ተቀምጠው ሲያበቁ ነበር ትምህርት የሚጀምሩት። ለእኔ ሕግ ማለት በቋጠሮው ውስጥ የሚኖር ትንሽ ፍጡር ነበር። ያለ ፈቃድ የሚፈታውን ሰው እንደሚነክሰው አልጠራጠርም ነበር።

ዲሬክተራችን በዚያው ዓመት ከሌላ አገር ተዛውረው የመጡ፣ ቡናማ ኮታቸውን ሁልጊዜ ቆልፈው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። አንድ ዓርብ ሰንሰለቱ በእጃችን ሲዞር ገቡና ቀጥ ብለው ቆሙ። ከጎንደር ተቆጣጣሪዎች፣ ከእነሱም ጋር የውጭ አገር ሰው እንደሚመጡ እኛም ሰምተናል።

«እሜቴ፣ አገር ወደፊት እየገሠገሠ ነው» አሉ። «እንግዶች ሲመጡ ልጆቹን ሰንሰለት ይዘው ሊያገኟቸው ነው?»

«አገሩ ዳኛ እንደነበረው ቢያዩ ምን ይጎድልብዎታል?» አሉ እሜቴ።

ዲሬክተሩ ኮታቸውን አስተካክለው ወጡ፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእጃቸው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሣጥኑን ሊያወጡ የሄዱት ልጆች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሣጥኑ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ትልቅ ሙዚየም ሊላክ ተወስኗል። ማን እንደወሰነ፣ ባለቤቲቱን ማን እንደጠየቀ የተነገረ ነገር የለም። ያኔም ዛሬም እንዲህ ያለ ውሳኔ ወሳኝ የለውም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ እኛም እስከ ቀትር እንማር ስለነበር ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ስንሰቅል እሜቴ በሩን አልፈው ገቡ። በተሰለፍነው ልጆች መካከል ሰንጥቀው ዲሬክተሩ ፊት ቆሙ። ሣጥናቸውን ጠየቁ። ዲሬክተሩም ዕቃው በክብር እንደሚቀመጥ፣ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ማንም እንደማይነካው በኩራት ነገሯቸው።

«ማንም?» አሉ እሜቴ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ የፊተኛው ሰልፍ ብቻ ነው የሰማው። «ሣጥኑ የእኔ ነው። ዕቃው የእነዚህ ልጆች ነው። የማይነካ ከሆነማ ሊቀብሩት ነው።»

ዲሬክተሩ ወደ ቢሮአቸው ዞሩ።

«በሕግ አምላክ!»

 ውኃ የተሸከመው ዘበኛ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ዲሬክተሩም ቆሙ፤ አእምሯቸው ሳይፈቅድ እግራቸው ሕጉን ያውቀው ነበር። እሜቴ ተራምደው የነጠላቸውን ጫፍ ከቡናማው ኮት ጫፍ ጋር ቋጠሩ፤ አጥብቀው፣ በሁለት እጃቸው። ከዚያም ወደ በሩ አመለከቷቸው።

ዲሬክተሩ ቋጠሮውን አዩ፤ እኛን አዩ፤ ፈገግ አሉ። የኮታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈቱ፤ መጀመሪያ ቀኝ እጃቸውን፣ ቀጥሎ ግራቸውን አወጡ። ከዚያ በሸሚዝ ወደ ቢሮአቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ሌላው ቢቀር ይህን አንባቢ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ፤ እኛ ያየነው ዲሬክተሩ ሲረቱ ነው! ከቋጠሮ ያመለጠ ተረታ፤ ሕጉን እናውቀዋለን። አያሌው ጀርባዬ ላይ ዘለለ። ቀትር ላይ ቤቴ ሮጬ፣ እሜቴ ሣጥናቸውን እንዳስመለሱ ለአባቴ አበሠርኋቸው። አባቴ የፈረሱን ኮርቻ እየጠገኑ ነበር፤ ቀና ሳይሉ፣ «እንዳፍህ ያድርገው» አሉኝ። ለምን እንደተከዙ አልገባኝም።

እሜቴ ኮቱን እንደተቋጠረ እየጎተቱ በዳባት ገበያ መካከል ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። የገበያ ቀን ነበርና ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ባዶው እጅጌ አቧራውን ይጠርግ እንደነበር ከኋላቸው የተከተሉት መምህር ገሠሠ ነገሩን። ዳኛው ወጣት፣ አዲሱን ሕግ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ የጽሑፍ ማመልከቻ ከነቴምብሩ ጠየቁ። እሜቴም ሰውዬው ቢሸሽም ኮቱ ስለቀረበ ክሱ እንዲሰማላቸው አመለከቱ። ጸሐፊዎቹ ሳቁ። ዳኛው ግን አልሳቁም።

«እናቴ፣ ይህ ሥርዓት ቀርቷል» አሏቸው።

«ከቀረ ይፍቱታ» አሉ እሜቴ። «ፈርደው ይፍቱት።»

ዳኛው እጃቸውን አልዘረጉም። ለፖሊሱ ጠቀሱት፤ ፖሊሱ ቋጠሮውን ፈትቶ ኮቱን አራግፎ ለዲሬክተሩ ላከላቸው። እሜቴ እዚያው ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ ለብቻው መልሰው ቋጠሩት። ዳኛ ያልፈታው እንዳልተፈታ ተናግረው ወጡ።

የጭነት መኪናው ሣጥኑን ይዞ ሄደ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በዕቃ ቤቱ መስኮት እያጮለቅሁ ሣጥኑ መመለሱን አይ ነበር፤ የተረታ ሰው የወሰደውን መመለሱ አይቀርማ። እንደማይመለስ መምህር ገሠሠ ሲነግሩኝ፣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ መሰለኝ። እንግዶቹ መጡ፤ መዝሙር ዘመርንላቸው፤ እጃችን ባዶ ነበር። እሜቴ ከዚያ ወዲያ ወደ ትምህርት ቤቱ አልመጡም። በየበዓሉ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አያቸው ነበር። ነጠላቸው ታጥቦ እንደ ጥጥ ይነጣል፤ ጫፉ ግን ከነቋጠሮው ስለሚታጠብ እጥፋቱ ውስጥ ጠቁሮ ቀርቷል። ክረምቱ ሳይገባ ዐረፉ። ሲገንዙአቸው ያንን ነጠላ ደርበውላቸው ነበር፤ ጫፉን ሊፈታ የደፈረ እንዳልነበረ እናቴ ነገረችኝ።

ሰንሰለቱ በየትኛው መጋዘን ዞሮ ደባርቅ እንደደረሰ አላወቅሁም። አስጎብኚው ትሑት ወጣት ነበር፤ ንዴቴን ያባሰውም ትሕትናው ነው። ማን ይህን እንደጻፈ ብጠይቀው፣ ሲላክላቸው ከነጽሑፉ እንደመጣ፣ ማስተካከልም የእሱ ሥልጣን እንዳልሆነ አስረዳኝ። ቀጥሎም ድምፁን አለስልሶ፣ «ለማንኛውም አባባ፣ ለልጆቹ ያው ነው» አለኝ።

ገመዱን አነሣሁት። በዕድሜ የከበደኝ ጉልበት ለዚህ አልሰነፈም። ሰንሰለቱን አንሥቼ በአቅራቢያዬ ለቆመች፣ ቀይ ሹራብ ለለበሰች ተማሪ አስጨበጥኋት። ወጣቱ መንካት ክልክል መሆኑን እየነገረኝ ሳለ፣ ልጅቱ አንዱን ቀለበት በእጇ አጠለቀች፤ ሁለተኛውን እያወዛወዘች ትክ ብላ አየችው።

«ይኼኛውስ የማን ነው?» አለች።

ወረቀቱን ሲያነቡ የቆዩት ልጆች በሙሉ ይህን አልጠየቁም ነበር። ብረቱን የጨበጠች ጠየቀች። እዚያው ቆሜ ነገርኋቸው፤ ስለ ይርጋ፣ ስለ እሜቴ አስካለ፣ ከሳሽ ለምን እንደሚታሰር፣ ልብስ እንዴት እንደሚቋጠር፣ ማን እንደሚፈታው። ስጨርስ ወደ አስጎብኚው ዞርሁ።

«በሕግ አምላክ» አልሁት፤ የጋቢዬንም ጫፍ ከጃኬቱ ጫፍ ጋር ቋጠርሁ።

ሣቀ። እጁ ወደ ጃኬቱ ዚፕ ሄደ፤ እስከ ደረቱም ከፈተው። ሌላ ዘመን፣ ሌላ ልብስ፣ ያው እጅ መሰለኝ።

«ካወለቅኸው ተረታህ እኮ!» አለችው ልጅቱ። ጓደኞቿ አጅበው ጮኹበት።

ወጣቱ ልጆቹን አያቸው። ዚፑን መልሶ ዘጋና፣ «ታዲያ ወዴት ነው የምንሄደው አባባ?» አለኝ።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድን፤ እኔና እሱ ተቋጥረን፣ ልጆቹ ሰንሰለቱን እየተቀባበሉ ከኋላችን። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሣ። ቀልድ መስሎት፣ ወይም የሽማግሌ ነገር ነው ብሎ፣ እየሣቀ ሊፈታን እጁን ሰደደ። እጁን ያዝሁት። የእሜቴ አስካለን ስም፣ የአንጥረኛው የይርጋን ስም፣ የዕቃውንም ስም አንድ በአንድ ነገርሁት።

«መጀመሪያ ይጻፉት፤ ከዚያ ይፈቱታል» አልሁት።